አቡነ ጴጥሮስን ሁላችንም እናውቃለን፤ አቡነ ቴዎፍሎስንስ?

የጎጃም ልጆች የምንሰባሰብበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። ሰሞኑን እዚያ የተከፈተ ክር፣ አንዱ ጀምሮት ሌላው በተራ የሚመልስበት ጽሑፍ፣ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። 34 መልስ አለው። ሁሉንም ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ሳይነበብ ባይቀር ደስ ስለሚለኝ ማን ምን እንዳለ በመልሱ ቁጥር እየጠራሁ ላወጋችሁ ነው። የሰዎቹን የመድረክ ስም አልጠቅስም።

ክሩን የከፈተው ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። አጻጻፉ ቁጣም ሐዘንም አለበት። የአባቶቻችን ዓይነት እምነት ከመካከላችን ጠፍቷል ባይ ነው። ለምሳሌ ያነሣቸው አቡነ ጴጥሮስን ነው። ጣልያን አርበኞቹን አውግዙ ቢላቸው እምቢ አሉ። ይልቁንም ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ከዚያ ወደ ራሳችን ይመጣል። ዛሬ ሰው መሥሪያ ቤት ሲገባ ማተቡን በሸሚዝ ኮሌታ ይሸፍናል ይላል። አለቃው ምሳ ሲጋብዘው ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ ይጠፋዋል። ጠመንጃ ሳይደገንብን እንዲህ ከሆንን፣ ቢደገንብንማ ምን ልንሆን ነው ብሎ ይጠይቃል። ከእኛ ዘመን አንድ ሰው ጥሩልኝ ብሎ ይጨርሳል።

መልስ 1 እና 2 ቃለ ሕይወት ያሰማልን ከማለት አላለፉም። 3ኛዋ ባንክ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ማተቧን ሸፍና አታውቅም፤ ማንም ምንም ብሏት አያውቅም። ፍርሃቱን ያመጣነው እኛው ነን ትላለች።

መልስ 4 በትሕትና የቀረበ እርማት ነው። የክሩ ባለቤት አቡነ ጴጥሮስ ደብረ ሊባኖስ ላይ እንደተገደሉ አድርጎ ነበር የጻፈው። የተገደሉት አዲስ አበባ ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተጨፈጨፉት በዓመቱ፣ ግንቦት 1929 ዓ.ም. ነው፤ የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ። የጣልያኖቹ የራሳቸው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ይናገራል። ኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ የጻፈው ሰው ታሪክ አስተማሪ ይመስለኛል፤ የትም ቦታ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

መልስ 5 ዓመተ ምሕረቱ 1936 ነው እንጂ 1928 አይደለም ብሎ ተነሣ። 6 ተቆጣው። 7 መጥቶ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር እያወሩ መሆናቸውን ነግሮ ገላገላቸው።

ክሩ መልኩን የቀየረው መልስ 8 ላይ ነው። የጻፈችው የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት። አቡነ ጴጥሮስ ለእሷም ሰማዕት ናቸው። ሐውልታቸው ለባቡሩ ሥራ በ2005 ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ሲመለስ አገር ሁሉ ሲነጋገርበት ነበር። ደግ ነው ትላለች። ግን ከዚሁ ከእኛ አገር ወጥተው ፓትርያርክ የሆኑ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ታስረው የተገደሉ አባት አሉን። ለምን እሳቸውን ማንም አላነሣም?

ከዚያ ታሪካቸውን ትዘረዝራለች። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው መልእክቱ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ጵጵስና ከተቀበሉት አምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ፤ ሐረር ተመደቡ። በግንቦት 1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ተባሉ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት ካይሮ ሄደው ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ግን የተሾሙት እዚሁ አገራችን ላይ ነው። ዛሬ በየአጥቢያው ሒሳብ የሚቆጣጠረው፣ ካህኑንና ምእመኑን አንድ ላይ የሚያስቀምጠው ሰበካ ጉባኤ የእሳቸው ሥራ ነው። ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንቡም የወጣው በእሳቸው ዘመን ነው።

ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያኗም መሬት አብሮ ሄደ። እሳቸው መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ሌላ ፓትርያርክ ተመረጠ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም ብላ አዲሱን ሳትቀበል ቀረች። ከሦስት ዓመት እስር በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ አቡነ ቴዎፍሎስ ታንቀው ተገደሉ። ለቅሶ የለም፣ ፍትሐት የለም፣ መቃብር የለም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር አረፈ።

ሴትዮዋ የአጥቢያዋ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ናት። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። አንድ ቀን ስብሰባው ሊዘጋ ሲል፣ ይህን ጉባኤ ማን እንዳቋቋመው የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ከተሰበሰቡት ማንም መልስ አልነበረውም። እዚያው ደብረ ኤልያስ ላይ ነው ይህ የሆነው! ከዚህ ተነሥታ ነው ጥያቄዋን የምትወረውረው። አቡነ ጴጥሮስን የገደላቸው ባዕድ ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን ስንጠራ ማንም ቀና ብሎ ለማየት አያፍርም። አቡነ ቴዎፍሎስን የገደላቸው የራሳችን ሰው ነው። ዝምታችን ከዚህ የመጣ አይሆንም ወይ?

እኔ ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ክሩ ከዚህ በኋላ ሃያ ስድስት ጊዜ ተጽፎበታል፤ ግማሹ ይህን ጥያቄ ለመመለስ፣ ግማሹ ከእሱ ለመሸሽ ነው።

መልስ 9 ሸሽቷል። አጻጻፉ መራራ ነው። የደርግ ጉዳይ ፖለቲካ ነው፤ ፓትርያርኩም የወረዱት በፖለቲካ ነው፤ የድሮ ቁስል እየነካካችሁ ሃይማኖት አታስመስሉት ይላል። የንጉሡ ሰው ስለነበሩ ነው እንጂ ማን ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው እስከ ማለት ደረሰ።

መልስ 10 ባሰበት። ግን ንዴቱን ይዞ በደንብ አስቧል። ጣልያንስ አቡነ ጴጥሮስን ስለ ሥላሴ ጠየቃቸው ወይ ይላል። እነሱም የገደሏቸው ዓመፀኛ ናቸው፣ የሽፍታ ተባባሪ ናቸው ብለው ነው። ደርግ ደግሞ አድኃሪ አለ። ገዳይ ሁሉ ለሚገድለው ሰው የፖለቲካ ስም ያወጣለታል። ስሙን አምነህ ከተቀበልክ ሰማዕት የሚባል ሰው አይኖርም። ይህ ሙግት እስካሁን መልስ አላገኘም፤ የሚያገኝም አይመስለኝም። መልስ 11 ስድብ ነበር መሰለኝ፤ አወያዩ አጥፍቶት ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

መልስ 12ን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። የጻፈው ፍኖተ ሰላም የሚኖር መምህር ነው። አያቱ ማቻከል ውስጥ፣ አንድ የገጠር ቀበሌ ነበር የሚኖሩት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እሱ ያኔ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጠዋት ነበር፤ ልክ ቅዳሴ በሚገባበት ሰዓት። የሚሰበሰቡት ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዋርካ ሥር ነው። መቅረት ያስቀጣል። ሊቀ መንበሩ የአያቱ የክርስትና ልጅ ነው። ጥምቀት ላይ አቅፈው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

አያቱ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ልጁን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ጧፍ ጨብጠው ይወጣሉ። በወንዙ በኩል የማያሳይ መንገድ ነበረ። በእሱ አልሄዱም። ስብሰባው ፊት ለፊት ደርሰው ይቆማሉ፤ እንደምን አደራችሁ ብለው ሁሉንም ሰላም ይላሉ፤ ለክርስትና ልጃቸው ለብቻው እግዜር ይባርክህ ይሉና ያልፋሉ። ሊቀ መንበሩ የያዘውን ወረቀት ያያል እንጂ ቀና አይልም። በማግስቱ የቅጣት ወረቀት ይመጣል። ሁለት ዶሮ ሸጠው ከፈሉ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። ቅጣቱ እንዳልመለሳቸው ሲታይ ስማቸው ከማኅበሩ ሱቅ መዝገብ ተሰረዘ። ጨው የለ፣ ሳሙና የለ፣ ስኳር የለ። ጎረቤት ማታ ማታ ጨው በጨርቅ ቋጥሮ በአጥሩ ላይ ያቀብላቸው ነበር። መምህሩ ያንን ጨው ከጨርቁ ላይ እየላሰ አያቱ ሲቆጡት ዛሬም ትዝ ይለዋል። ሴትዮዋ ግን አንድም እሑድ አልቀሩም።

የክሩ ባለቤት ከእኛ ዘመን አንድ ሰው ጥሩልኝ ብሎ አልነበር? እኚህ እናት ይኸውላችሁ። ጠመንጃ አልተደገነባቸውም። ሐውልት የሚያቆምላቸውም የለም። በየሳምንቱ ግን ያንን መንገድ መምረጥ ነበረባቸው።

መልስ 13 የሊቀ መንበሩን ስም ጠየቀ፤ ኋላስ ምን ደረሰበት አለ። መልስ 14 በሌላ በኩል መጣ። የመልስ 8ን ሐሳብ አይቀበልም። የራሳችን ሰው የገደለውን እንረሳለን ካላችሁ በላይ ዘለቀን ለምን አልረሳነውም ይላል። ጣልያን አምስት ዓመት ሙሉ ያልያዘውን ጀግና በ1937 ዓ.ም. የሰቀለው የራሳችን መንግሥት ነው፤ ጎጃም ግን ዛሬም በልጁ ላይ ስሙን ያወጣል፣ በሠርጉ ያዜምለታል። ጥሩ ሙግት ነው። እኔም ለጊዜው ያዝ አደረገኝ።

የመለሰው መምህሩ ነው፤ መልስ 15። በላይን የሰቀሉት ሩቅ ናቸው፣ አዲስ አበባ ነው ያሉት፤ እሱን ማንሣት ከጎረቤት አያጣላም። የአያቴ ጉዳይ ግን አጥር ለአጥር ነው። አያቱ የዚያን ሰው ስም እስኪያርፉ ድረስ ለልጅ ልጆቻቸው አልተናገሩም። መምህሩ ያወቀው ከሌላ ሰው ነው። የሰውዬው ልጆች እዚያው አሉ፤ ዕድራቸው አንድ ነው። የመምህሩ ታናሽ እህት የተዳረችው ከዚያ ቤተሰብ ነው። አሁን ምን ብዬ ልጻፍ፣ በእህቴ ልጆች ላይ ልጻፍ ወይ ብሎ ያቆማል።

ለመልስ 8 የተሰጠው እውነተኛ መልስ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የረሳነው ንቀን አይደለም። አብሮ መኖሩ ስለበለጠብን ነው። ይህ መጥፎ ምክንያት አይደለም፤ ግን ዋጋ አስከፍሎናል። አሳዳጁን ለመሸፈን ስንል የተሳደደችውን አብረን ሸፈንናት። የማቻከሏ እናት ድፍረት ከሊቀ መንበሩ ስም ጋር አብሮ ተቀበረ።

መልስ 16 ከዘጌ ነው። ነገሩ የደርግ ብቻ አይደለም ብሎ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደን። ዓፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡን በአዋጅ ተከተሉኝ ባሉ ጊዜ እምቢ ካሉት አንዷ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ ባለሟል ነው። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ተገደሉ። ገድሏ እንደሚለው የተገደሉት ጳጳስ ልብስ በባሏ እጅ ገብቶ ቤቷ መጣ። ከዚህ በኋላ ካንተ ጋር አልኖርም አለች። የመኳንንት ልጅ፣ የመኳንንት ሚስት ናት፤ ሁሉንም ትታ መነኮሰች። ንጉሡ ፊት አቁመው ጠየቋት፤ ለካቶሊክ ሚስዮናውያኑ፣ ለኢየሱሳውያኑ አለቃ ለአልፎንሶ ሜንዴዝ ተሰጥታ ተሰበከች፤ አልተመለሰችም። ዠበይ ወደሚባል በረሃ ተጋዘች። ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. አዋጁን አንሥተው የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። እሷ ጣና ዙሪያ ማኅበር ስታቀና ኖረች፤ ከማኅበሮቿ አንዱ ዘጌ ላይ ነበር። የዘጌው ሰው የሚለው ይህን ነው፦ ያኔም ያሳደዳት ባዕድ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ የእኛው ነው፣ ባሏ የእኛው ነው፣ የተያዘችውም በእኛው ወታደር ነው። ገድሏ ግን ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተጻፈ። የባሏም ስም ሳይሸፈን ተጽፏል። አባቶቻችን የጻፉትን እኛ ለምን ፈራን?

ይህ አንዱ ከክሩ ምርጥ ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመት ብዙ አይደለም። ያኔ የመልክአ ክርስቶስ ዘመዶች በሕይወት ነበሩ፤ ጎረቤት ነበራቸው፤ ልጅ ይድሩ ነበር። ጸሐፊው አልተወውም።

መልስ 17 የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ቋራጣ መሆኑን፣ ቋራጣም ከጣና ወዲያ ማዶ በጌምድር መሆኑን አስታወሰ። 18 ዘጌ ከተነሣ ቡናውን ማን ይልክልኛል አለ። 19 ዋጋ ነገረው። 20 የዘጌ መሬት በበሬ እንደማይታረስ፣ ቡናው ከጫካው ጥላ ሥር እንደሚለቀም ሲያወራ ቆይቶ ስለ ክሩ ጉዳይ አንድም ቃል ሳይል ወጣ።

መልስ 21 ከባድ ነገር ይዞ መጣ። በጣልያን ጊዜ የጎጃም ጳጳስ ማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጀመረ። አቡነ አብርሃም ናቸው። በ1921 ዓ.ም. ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር አብረው ጵጵስና የተቀበሉ ናቸው። አንዱ ጳጳስ ተረሸኑ። ሌላው፣ አቡነ ሚካኤል፣ ጎሬ ላይ እንዲሁ ተረሸኑ። የእኛው ጳጳስ ግን ለጣልያን ገብተው በ1930 ዓ.ም. ከእስክንድርያ የተለየች ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ተብለው ተሾሙ። እስክንድርያ አወገዘቻቸው። እሑድ እሑድ የምናወራለት የጎጃም ድፍረት ይህንንም ይጨምራል ይላል።

22 በጣም ተናደደ። ጎጃምን ለማዋረድ ነው አለ። አርበኞቹስ፣ በ1930 ዓ.ም. ጣልያንን ምሽግ ውስጥ የቆለፈው ገበሬስ ብሎ ጮኸ። 23ኛው አረጋዊ ቄስ ይመስላሉ፤ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። አቡነ አብርሃም አርጅተው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በሰው እጅ የሚመሩ ሽማግሌ ምን እንደተነገራቸው፣ ምን እንደፈሩ፣ ለማን እንደሳሱ እግዚአብሔር ያውቃል። ፍረዱ ካላችሁኝ አልፈርድም፤ ትክክል ነበሩ በሉ ካላችሁኝም አልልም ይላሉ።

እኔ ከቄሱ ጋር ነኝ፤ ግን 21ም መናገሩ ትክክል ነው። በአንድ ቀን የተሾሙ ጳጳሳት እንዲያ ተለያዩ። እምቢ ማለት ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይሉት ነበር። የአቡነ ጴጥሮስን ክብደት የምናውቀው የአቡነ አብርሃምን ጭንቅ ስናይ ነው።

መልስ 24 ከሞጣ የጻፈ ሙስሊም ወንድማችን ነው። እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ያነብ ነበር። ጎጃሜ ነኝ፣ ሃይማኖተኛ ነኝ፣ በዚህ ክር ውስጥ ግን ራሴን ፈልጌ አላገኘሁም ብሎ ጀመረ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ ሱቆችም ተዘረፉ። አባቱ ሱቃቸው ባዶ ሆኖ በነጋታው ለፈጅር ሶላት ተነሡ። ልጆቻቸው ዛሬ እንኳ ቤት ስገዱ ብለው በር ላይ ቆሙ። አባትየው ኮፍያቸውን አድርገው፣ መስገጃቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው በዚያው በሁልጊዜው መንገድ ሄዱ። ከቤታቸው የተረፈውን ዕቃ ያስቀመጠላቸው ግን ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው። ያቃጠለውም የዚህ አገር ልጅ፣ ያስቀመጠውም የዚህ አገር ልጅ ነው ይላል። ከመልስ 8 ጋር እስማማለሁ፤ ግን ጥያቄውን ወደ ሌላው ብቻ አታዙሩት፤ እኛ ራሳችንም አሳዳጅ ሆነን እናውቃለን ብሎ ጨረሰ።

ይህን መልስ ማንም አልተሳደበበትም። 25 ስለጻፍክ አመሰግናለሁ አለው። 26 ግን ወዲያው የቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ መቁጠር ጀመረ፤ አወያዩ እዚህ ሒሳብ አናወራርድም ብሎ አቆመው። ጥሩ አደረገ።

መልስ 27 ባሕር ዳር የሚኖር የወንጌላውያን አማኝ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ በተገደሉበት በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጅተውላቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። የእሳቸውም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። መልስ 28 ወለጋን እዚህ ምን አመጣው፣ የጎጃም መድረክ ነው ብሎ አፋጠጠው። 29 የደብረ ኤልያሷ ሴት ተመልሳ መጣች፤ አጭር ነው የጻፈችው። ያ ክረምት ገዳዮቹ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ብለው አልለዩም፤ እኔም በሐዘኑ አልለይም አለች።

መልስ 30 ዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲዞር ውሻ የነከሰበትን፣ ደበሎው በዝናብ ርሶ ሲከብደው ያደረበትን ያወራል። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ግን እሱን ያሳደደው ረሃብ እንጂ ሰው አልነበረም፤ ራሱም ይህንኑ ብሏል። ለብቻው ክር ሊከፈትለት የሚገባ ነው።

መልስ 31 የክሩ ባለቤት ነው። ብዙ አላወራም። ስለ ማቻከሏ እናት ለልጆቹ እንዳነበበላቸው ነገረን። ታላቋ ልጁ በወንዙ መንገድ ለምን አልሄዱም ብላ ጠየቀችው፤ ምን ብዬ ልመልስላት ብሎ መምህሩን ጠየቀ። 32 ስለ ዛሬው የክልላችን ሁኔታ ማንሣት ጀመረ፤ አወያዩ ለሰዎቹ ደኅንነት ሲል ያንን ወሬ ብቻ ዘጋው። አልፈርድበትም።

መልስ 33 የአሳዳጆቹ ስም በይፋ ይጻፍ፣ ካልተጻፈ ነገም ይደገማል ባይ ነው። የወለተ ጴጥሮስን ገድል ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰ። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። በፍርድ ቤት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ስም ታትሟል፤ መታተምም አለበት። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ስም መጻፍና አለመጻፍ ግን የእኔም የመልስ 33ም ሥልጣን አይደለም፤ የመምህሩና የእህቱ ነው። ድርጊቱ ግን ይጻፍ። የተሳደደችው እናት ስም ይጻፍ። ማን አሳደዳት የሚለው ባዶ ቢቀር፣ ቢያንስ ባዶ መሆኑ ይታይ።

መልስ 34 የመጨረሻው ነው፤ የደብረ ኤልያሷ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ናት። በአጥቢያዋ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ሒሳብ ከመቅረቡ በፊት፣ የአቡነ ቴዎፍሎስን ታሪክ ለማንበብ ከአለቃው ፈቃድ ጠይቃ አግኝታለች። የሚነበበውን ራሷ እያዘጋጀች ነው። የእሳቸውን ልጅነት ከሽማግሌ አፍ የሰማችሁ፣ ወይም በዚያ ዘመን ስለ እምነታቸው የተቀጡ ወላጅ ወይም አያት ያላችሁ፣ በመድረኩ የግል መልእክት ላኩልኝ ትላለች። የቤተሰቡ ፈቃድ ሳይኖር የማንንም ስም እንደማታነብ ቃል ገብታለች። እኔ የማውቀውን ልኬላታለሁ። ማቻከል፣ ጎዛምን፣ ደብረ ኤልያስ ዙሪያ ያላችሁ፣ ያላችሁን ላኩላት። ክሩ አሁንም ክፍት ነው።